ለጓሮ ዛፍ የትኛው መጋዝ ይበጃል?



ውድ አንባቢያን! በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከዲን ርቆ ወደ ብረታ ብረት ሱቅ የገባ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ የጎረቤት ሐቅ፣ የቤተሰብ ገንዘብና የሰው አካል ያለበት ነገር ሁሉ ሙስሊም የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

የምንኖረው በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ነው። በአጥራችን ጥግ አምስት ባሕር ዛፎች ቆመው ነበር። ሦስቱ ከክንድ ብዙም አይወፍሩም፤ አራተኛው ወፈር ይላል፤ አምስተኛው ግን ወደ ጎረቤታችን ጣሪያ አጎንብሷል። ክረምት ሊገባ ሲል ጎረቤታችን በአጥር በኩል ጠሩኝ። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። “ልጄ፣ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ልጆቹን ከዚያኛው ክፍል አውጥቼ ሳሎን ነው የማስተኛቸው” አሉኝ። ቁጣም ወቀሳም አልነበረበትም። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ግን የነፋስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣው ሰው እኔ ሆንኩ።

ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መንገደኛን ያስቸግር የነበረ ዛፍ በመቁረጡ ምክንያት በጀነት ውስጥ ሲመላለስ ስላዩት ሰው መናገራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። መንገደኛ አልፎ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን በየሌሊቱ እዚያው ነው። ስለዚህ ዛፎቹ መቆረጥ እንዳለባቸው አልተጠራጠርኩም። ጥያቄው በምን ይቆረጡ የሚለው ነበር።

መርካቶ ወርጄ በልማድ ቼይንሶው የሚባለውን የሞተር መጋዝ ጠየቅኩ። ሻጩ ምን እንደምቆርጥ ሳይጠይቀኝ ትልቁን አወጣልኝ። እኛም ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ይሻላል ብለን እንገዛለን፤ ከዚያም ለሁለት ቀን ሥራ የወራት ቁጠባ እናወጣለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለጨመረ ስሕተቱ የበለጠ ያስከፍላል። ኢስራፍ በምግብና በልብስ ብቻ አይደለም። ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ የሚዝግ መሣሪያም ኢስራፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዛፉን ለኩ። ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ግንድና ቅርንጫፍ ሞተር አያስፈልግም። ቅስት ብረት ያለው የእጅ መጋዝና አንድ መጥረቢያ ይበቃሉ። የእጅ መጋዝ ቤንዚን አይጠጣም፤ ሲደክማችሁም እናንተው ታቆሙታላችሁ። ከዚያ በላይ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ለሚደርሰው የሞተር መጋዝ ቢሆን ሥራው ይቀላል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ምላስ ብለን እንጥራውና፣ ምላሱ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለጓሮ ዛፍ በቂ ነው። ምላሱ በረዘመ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል፤ ለጀማሪም አደጋው ያይላል።

የሞተር መጋዝ ሦስት ዓይነት ነው፤ በቤንዚን፣ በኤሌክትሪክ ገመድ እና በባትሪ የሚሠራ። በ1926 እ.ኤ.አ ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል የሠራው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ሁለት ሰዎች የሚይዙት ከባድ መሣሪያ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በእጁ ይይዘዋል።

በገመድ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ጭስ የለውም፤ ካንዴላና ካርቡራተር ብሎ ነገርም የለበትም። ጓሮው ከሶኬት የማይርቅ ቤተሰብ መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባ ይመስለኛል። ነገር ግን 2,000 ዋት የሚፈልግ መጋዝ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ለሬዲዮና ለአምፖል በተሠራ ቀጭን ማራዘሚያ ብትሠሩበት ገመዱ ይግላል፤ ሞተሩም ይቃጠላል። ወፍራም ገመድ ያዙ፤ በዝናብና በእርጥብ ሣር ላይም አትሥሩበት። የባትሪው ትንሽ መጋዝ ለቅርንጫፍ ጥሩ ነው። ለግንድ ግን ቶሎ ይደክማል፤ ባትሪው ሲያረጅም መተኪያው ውድ ነው።

የቤንዚኑ ኃይለኛ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ከ35 እስከ 40 ሲሲ ያለው ለጓሮ ዛፍ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር እዚህ ከኃይሉ አምስት አንዱን ያህል ያጣል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣም ቤንዚን ይበዛበትና ያጨሳል፤ ካንዴላውን ያጠቁራል። ብዙ ሰው “ዕቃው የማይረባ ነው” ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። መካኒክ እንዲያስተካክለው አድርጉ። መጋዙን ወደ ቆላ አገር የሚወስድ ሰው ደግሞ እዚያ እንደገና ማስተካከል አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ መሆን ይኖርበታል። የሰንሰለቱ ዘይት ደግሞ ለብቻው የራሱ ቋት አለው። ይህን ቋት ባዶ አድርጎ የሚሠራ ሰው ምላሱንም ሰንሰለቱንም ይፈጃል።

ስትገዙ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት አስነስታችሁ እዩ። ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲንቀለቀል ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። ከፊት እጀታው ፊት ለፊት ያለው የሰንሰለት ፍሬን ሲገፋ ሰንሰለቱን ወዲያው ማቆም አለበት። ፍሬኑ የማይዝ መጋዝ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። ትርፍ ሰንሰለቱና ለሱ ልክ የሆነው ድቡልቡል ሞረድ እዚያው ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ዕቃ ሲውል ሲያድር ውድ ነው። የተሳለ ሰንሰለት ፍልጥልጥ ቁራጭ ያወጣል፤ የደነዘ ግን ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄት ስታዩ አቁሙና ሞርዱት።

ከገንዘብ በላይ የሆነው ነገር የሰው ሕይወት ነው። የሚዞረው ምላስ የላይኛው ጫፍ ግንድ ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊታችሁ ይዘላል። ስለዚህ በጫፉ አትቁረጡ፤ ከትከሻ በላይ አታንሱ፤ መሰላል ላይ ሆናችሁም አትሥሩ። የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ የራስ ቁርና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። የቤንዚን መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋልና ጆሮን ይጎዳል። ልጆች ከዛፉ ቁመት እጥፍ ያህል ይራቁ። ጾመኛ ሆኖ ከቀትር በኋላ ደክሞ የሞተር መጋዝ መያዝም ጀግንነት አይደለም፤ ለማግሥቱ ጧት ወይም ከረመዳን በኋላ ይቆይ። ዛፉ ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ከተጠጋ ደግሞ መጀመሪያ የመብራት ኃይል ሠራተኞችን ጥሩ። በከተማ ውስጥ ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ወረዳን መጠየቅም ከኋላ ጣጣ ያድናል።

አሁን ወደ እኛ ጓሮ ልመለስ። ሦስቱን ቀጫጭን ዛፎች ከልጆቼ ጋር በእጅ መጋዝ ጣልናቸው። ለአራተኛው ብቻ ብዬ መጋዝ መግዛት ከበደኝ። በእድራችን ጉዳዩን ሳነሳ ተመሳሳይ ዛፍ ያላቸው ስድስት ቤቶች ተገኙ። ገንዘብ አዋጥተን ባለ 35 ሴንቲ ሜትር ምላስ የቤንዚን መጋዝ በጋራ ገዛን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማዑን ትንሽ የቤት ዕቃ ለማዋስ የሚሰስቱትን ይወቅሳልና፣ ይህ ዕቃ ለጎረቤት የማይነፈግ እንዲሆን ተስማማን። ሆኖም ውሰት አማና ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ወሰንን፤ የተዋሰ ሰው ሰንሰለቱን ሞርዶና አጽድቶ ይመልሳል፤ የሰበረ ያሠራል፤ መጋዙን መያዝ ለማያውቅና ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ አይሰጥም።

አምስተኛውን፣ ያጎነበሰውን ግን እኛ አልነካነውም። ወደ ሰው ጣሪያ ያዘመመ ዛፍ ለጀማሪ የሚተው ሥራ አይደለም። በገመድ ወጥቶ ከላይ እየቆራረጠ የሚያወርድ ባለሙያ ጠራን። ክፍያው በመጀመሪያ በዝቶ ታየኝ። ሰውየው ቅርንጫፉን በገመድ አስሮ አንድ በአንድ ሲያወርድ አይቼ ግን የላቡን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ከፈልኩት። የአንድ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ፣ አላህ ይጠብቀንና የአንድ ሕፃን ሕይወት፣ ከዚያ ክፍያ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አጣናና ማገዶ የሚፈልግ ሰው ጉቶውን ዝቅ አድርጎ አለስልሶ ይቁረጥና ከቡቃያዎቹ ሁለት ወይም ሦስቱን አስቀርቶ ሌላውን ያንሳ። በጣሪያ አጠገብ የነበረ ከሆነ ግን ቡቃያውን በየጊዜው ካልነቀለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ስጋት ይመለሳል። ዛፍ የተከለ ሰው ሰውም ወፍም ከሱ በተመገበ ቁጥር ሰደቃ እንደሚጻፍለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ በቆረጥነው ፋንታ ከአጥሩ ራቅ አድርገን ሁለት የኮክ ችግኝ ተከልን።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሌሊት ከወጨጫ በኩል ኃይለኛ ነፋስ ከዝናብ ጋር መጣ። ነቅቼ አዳመጥኩ። በማግሥቱ ጎረቤታችንን ከአጥሩ ማዶ አግኝቼ “እንዴት አደሩ?” አልኳቸው። “አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ አልጋቸው ላይ አደሩ” አሉኝ።

እናንተም ክረምቱ ሳይገባ ጓሯችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። የእናንተ ዛፍ በማን ጣሪያ ላይ አጎንብሷል? አላህ ለጎረቤቶቻችን የሰላም ምክንያት ያድርገን። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።