ሳያም መመርመር

ጉኑኖ አካባቢ የጊፋታ በሬ መስከረም ሲጠባ አይታሰብም። ወንዶቹ ለበሬው መግዣ ገንዘብ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ቀድሞ ያላሰበ ቤት በዓሉ ሲደርስ እንደሚጨነቅ ሁሉም ያውቃል። የእናቶች ጤና ላይ ስንደርስ ግን ይህን ብልሃት እንረሳዋለን። "ምን ሆና ነው ሐኪም ቤት የምትሄደው?" እንላለን። የማህፀን በር ካንሰር ደግሞ "ምንም አልሆንኩም" የሚባልበትን ጊዜ የሚጠቀም በሽታ ነው።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ይኸው በሽታ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ7,000 በላይ ሴቶች ሲያዙ ከ5,000 በላይ ሞተዋል። ቁጥሩ ግምት የሆነበት ምክንያት አለ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው የካንሰር መዝገብ የሚሸፍነው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው፤ ለአገሪቱ የሚነገረውም አኃዝ በአብዛኛው ከዚያ በመነሣት የተሰላ ነው። ገጠር ውስጥ ቤቷ ተኝታ፣ "ሆዷን አሟት ነው" ተብሎ የተቀበረች እናት ግን በመዝገብ ላይ የለችም።

በሽታው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ መሆኑ ለእኛ ዕድል ነው። መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ የብዙዎቹ ሰውነትም ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ ቫይረሱ ተገኘ ማለት የማንንም ጨዋነት አይመዝንም፤ ለትዳር ጠብም ምክንያት አይሆንም። ሳይወገድ የቀረው ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት ላይ፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ካለና ሕክምና ካልጀመረች፣ ጊዜው ያጥራል።

ምርመራው የሚሠራው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው። በአገራችን በተለይ የሚመከረው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ሲሆን፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ። በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ አቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ በውኃ የተበረዘ አድርጋ የማህፀኑን በር ትቀባለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ከደቂቃ በኋላ ነጣ ብሎ ይታያል። ቁስሉ ገና ካንሰር ካልሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን። ካንሰር ከሆነ በኋላ ግን መንገዱ ይረዝማል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወረፋ ጠብቆ።

አያቶችም ልብ በሉ። የወር አበባ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ከታየ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽም እንዲሁ። እነዚህ ምልክቶች የምርመራ ዕድሜን አይጠብቁም፤ በየትኛውም ዕድሜ በቶሎ ሐኪም ማየት ይገባል።

ለልጆች ክትባት አለ። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ እንዲሰጥ ሆኗል። "ያመክናል" የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። የተከተበች ልጅም ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመሯ አይቀርም።

እናቶች የማይሄዱት ስላልፈለጉ ብቻ አይደለም። ገበያ አለ፤ ከብት አለ፤ የሚጠበቅ ሕፃን አለ፤ የሚያፍሩትም ነገር አለ። እዚህ ላይ ሥራው የቤተሰቡ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ምርመራው በቅርብ ጤና ጣቢያ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሌለ ለሶዶ መሳፈሪያውን አዘጋጁ። ባል ሕፃኑን ይያዝ፣ አያት ቤቱን ትጠብቅ፣ ያገባች ልጅ እናቷን ይዛ ትሂድ። አብረው ቢመረመሩ ደግሞ እፍረቱም ይቀላል።