መንገዱ ወደ ሰው ይምጣ

አንድ ጥያቄ እናንሣ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ያ ሁሉ የተራበ ሕዝብ ለምን ቆረም ላይ ተሰበሰበ? ለምን አላማጣ፣ ለምን ቆቦ፣ ለምን ባቲ? እነዚህ ከተሞች ከሌላው የተለየ እህል ያበቅሉ ነበር? የለም። ድርቁ እነሱን ምሯቸው ነበር? ይህም አይደለም። መልሱ አጭር ነው። ከተሞቹ የመኪና መንገድ ዳር ነበሩ። እህል የጫነ መኪና እዚያ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይዘልቅም። ስለዚህ የላስታውም የዋጉም ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ በእግሩ ቀናት ተጉዞ ወደ መንገዱ መጣ። አቅም ያለው ደረሰ። አቅም የከዳው በየጥሻው ቀረ።

ከዚያም በፊት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ይኸው ነበር። የተራበው ሰው ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ አላፊውን መኪና ይለምን ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የርዳታ እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ ሳለ የሚያነሣው መኪና አነሰ። መኪና ቢገኝም ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ አልነበረም። በመጨረሻ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ከሰማይ እስከ መጣል ደረሱ። በአህያ ሊወርድ የሚችለው እህል በአውሮፕላን ሲመጣ ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን እስቲ አስቡት!

ረኀቡን ያመጣው የመንገድ እጦት ብቻ ነው አንልም። ዝናብ ጠፍቷል፤ ጦርነት ነበር፤ የአስተዳደርም ጥፋት ነበር። ነገር ግን ከአምስት ቀን መንገድ ማዶ ያለ እህል ለተራበ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህ ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ሩቅ ላለው የሰሜን ደጋና ቆላ መንግሥት መንገድ ማውጣት አለበት፤ ያወጣውንም መጠገን አለበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም።

የተሠራ ነገር የለም ማለት ውሸት ይሆናል። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ ተሠርቷል። ከመንገዱ በፊትና በኋላ ያለውን ኑሮ ያየ የዚያ አገር ሽማግሌ ልዩነቱን ይነግራችኋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ሕዝቡ በጉልበቱ ብዙ የቀበሌ መንገድ አውጥቷል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ትልቅ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ተጀመረ። ዕቅዱ ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያው ዘመን የልማት ዕቅድ፣ ከመንገድ ለመድረስ በአማካይ 3.7 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 1.4 ሰዓት እንዲወርድ ታስቦ ነበር።

እዚህ ላይ «በአማካይ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አማካይ ማለት የቅርቡና የሩቁ ተደምሮ ሲካፈል ነው። ለአንዱ ሰው መኪና ደጁ ላይ ይቆምለታል። ሌላው አሥር ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩና ሲካፈሉ እያንዳንዳቸው አምስት ሰዓት ሄዱ ይባላል። ወረቀቱ ላይ ያምራል፤ አሥር ሰዓት የሚሄደው ሰው ግን አሁንም እየሄደ ነው። የሰሜኑ ተራራ ነዋሪ ብዙ ጊዜ ያ ሰው ነው።

መንገድ ለገበሬ ምን ያደርግለታል? በሒሳብ እንየው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ያህል ትሸከማለች። ኃምሳ ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ መጣ ማለት መቶ አህያ መጣ ማለት ነው። ሌላም አለ። ምስሩን በአህያ ጭኖ ሙሉ ቀን ተጉዞ ገበያ የደረሰ ሰው ዋጋ ቢረክስበት መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ነጋዴው ይህን ያውቃል። እስኪመሽ ጠብቆ በፈለገው ዋጋ ይወስድበታል። መኪና ቀበሌው ድረስ ሲገባ ግን ነጋዴው ራሱ ይመጣል። ዛሬ አንዱ ይመጣል፤ ነገ ሦስት ይሆናሉ፤ ገበሬውም «አይ፣ አልሸጥም» ለማለት ይደፍራል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘርም ዝናቡ ሳያልፍ ይደርሳል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአገራችን በ15 የገጠር መንደሮች ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. ያለውን ኑሮ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ድህነትን በ6.9 በመቶ ነጥብ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ከመቶ ሰው ሰባቱ ያህል ከድህነት ወጣ ማለት ነው።

በምጥ የተያዘችውን ሴትስ ማን ይርሳት? ወረዳው አምቡላንስ ቢኖረው መኪናው የሚደርሰው መንገዱ እስካለበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቃሬዛ ነው፤ የጎረቤት ትከሻ ነው፤ በክረምት ደግሞ የሞላ ወንዝ ነው።

«ሰሜኑ ገደላም ነው፤ ሕዝቡም ተበታትኖ ነው የሚኖረው፤ ለጥቂት ሰው ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም» የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ዓለት ማፍረስና ድልድይ መጣል ከሜዳ መንገድ ይበልጥ ያስወጣል። ግን ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። የሚያልፈው መኪና ብቻ ተቆጥሮ የሚወሰን ከሆነ ለላስታ ተራራ መቼም መንገድ አይወጣም። በረኀብ ጊዜ ለአውሮፕላን የሚከፈለው፣ ሳይሸጥ የሚበሰብሰው ምርት፣ በመንገድ የምትሞተው እናትም ይቆጠሩ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ ወደ ሽሬ የሚሄድ የርዳታ እህል መንገዱ ተቆረጠበት። አንድ ድልድይ ስንት ሰው እንደሚያበላ ያን ጊዜ ታይቷል።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። የጠጠርን መንገድ ከመኪና ይልቅ ውኃ ያፈርሰዋል። በግንቦት ያልተጠረገ ቦይ በሐምሌ ይደፈናል። የተደፈነው ውኃ መንገዱ ላይ ይወጣል። በነሐሴ ቦረቦር ይሆናል። በመስከረም መኪናው ይቀራል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉልበት የፈሰሰበት መንገድ አንድ ቦይ የሚጠርግ አካፋ አጥቶ በሁለት ክረምት ያልቃል። ቱቦው የተፋው ጎርፍም ካልተገራ የሰው ማሳ ይቆርጣል። በትግራይና በአማራ ክልል ይህን ውኃ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ በመምራት ጉዳቱን ወደ ጥቅም የለወጡ ቦታዎች አሉ። ከነሱ መማር ይገባል።

ታዲያ ጥገናው የማን ሥራ ነው? መልሱ «የሁለታችንም» ነው፤ ግን ድርሻው ይለይ። ቦይ መጥረግ፣ ናዳ ማንሣት፣ ትንሽ ጉድጓድ መድፈን የቀበሌው ሕዝብ ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ድልድይ መጣል፣ ዓለት ማፍረስ፣ ጠጠር በማሽን መደልደል ግን የገበሬ ጉልበት የማይችለው ነው። እሱ የመንግሥት ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ከነዳጅ ሽያጭ ገንዘብ እየሰበሰበ መንገድ እንዲያስጠግን ነው። በኔ አስተያየት ከእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ ለቀበሌ መንገድ የታወቀ ድርሻ ተቆርጦ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ወረዳው እጅ መግባት አለበት። አዲስ መንገድ ከመመረቅ በፊት የፈረሰው ይጠገን። መንገዱ የገበሬ ማሳ የሚቆርጥ ከሆነም ካሣው ዶማ ከመነሣቱ በፊት ይከፈል። ማሳውን በነጻ ያጣ ሰው መንገዱን ሊወደውም ሊጠብቀውም አይችልም።

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ደግሞ የያዛችሁትን እርሳስ ለዚህ ተጠቀሙበት። በአፍ የተነገረ አቤቱታ ከቢሮው በር ሳያልፍ ይረሳል። የተጻፈ ግን ይቀመጣል። በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ መንገዱ የተዘጋበትን ቀን፣ የፈረሰውን ቱቦ ወይም ድልድይ ቦታ፣ በዚያ ምክንያት የቀረውን ነገር፤ ማዳበሪያም ይሁን፣ ታማሚም ይሁን፣ ለገበያ የታሰበ እህልም ይሁን። ክረምቱ ሲወጣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ አንብቡት። ሕዝቡ ይፈርምበት። አንዱን ቅጂ ለወረዳው ስጡ፤ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት «ምን አደረጋችሁበት?» ብላችሁ የምትጠይቁት በዚያ ነው።

አባቶቻችን በክፉ ቀን ልጅ አዝለው ወደ መንገድ ወረዱ። ከእንግዲህ መንገዱ ወደ ሰው ይምጣ። ከመጣም በኋላ ክረምት አይብላው።