ከተቀበሩ እንስሳት በኋላ የሚመጣው የውሃ ብክለት

እ.ኤ.አ በ2010 መገባደጃ በደቡብ ኮሪያ አንዶንግ የተቀሰቀሰው የአፍተግር በሽታ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል አዳርሷል። መንግሥት ስርጭቱን ለመግታት ከ3 ሚሊዮን በላይ አሳማዎችና ከ100 ሺህ በላይ ከብቶች እንዲወገዱ አደረገ። በድኖቹም ከ4 ሺህ በሚበልጡ ሥፍራዎች ተቀበሩ።

በሽታውን ከመግታት አኳያ ሲታይ እርምጃው የሚነቀፍ አልነበረም። ስህተቱ የሥፍራ መረጣው በጥድፊያ መከናወኑ ነው። ብዙዎቹ ጉድጓዶች በየእርባታው አጠገብ፣ አንዳንዶቹም በወንዝ ዳርቻና በተዳፋት መሬት ላይ ተቆፍረዋል።

የእንስሳት አካል አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። በድኑ ሲበሰብስ ውሃው ከደምና ከስብ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ብዙው የሚወጣውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው አሞኒያ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ስለሚለወጥ የከርሰ ምድር ውሃን ይበክላል። እንዲህ ያለው ውሃ በተለይ የዱቄት ወተት ተበጥብጦላቸው ለሚጠጡ ሕፃናት አደገኛ ነው።

ፈሳሹን ለመገደብ ከጉድጓዱ ሥር የሚነጠፈው ፕላስቲክም የራሱ ጣጣ አለው። አጥንት ሊበሳው ይችላል፤ ካልተበሳም አየር ስለማያስገባ መበስበሱን ያጓትታል። የኮሪያ ሕግ የመቃብር ሥፍራ ለ3 ዓመታት እንዳይቆፈር የሚከለክል ቢሆንም፣ ጊዜው አልፎ በተከፈቱ አንዳንድ ጉድጓዶች ያልፈረሰ በድን ተገኝቷል።

ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ አልተቀሰመም ለማለት የሚያስደፍር ክስተትም አለ። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2019 በአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ሳቢያ የተወገዱ 47 ሺህ ያህል አሳማዎች፣ የሚቀበሩባቸው የፕላስቲክ ገንዳዎች በመዘግየታቸው ተከምረው ሳለ ዝናብ ጣለ። ደሙም የኢምጂን ወንዝ ገባርን አቀላው።

በእንግሊዝ ኩምብሪያ ግን እ.ኤ.አ በ2001 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ በድን፣ አብዛኛው የበግ፣ ሸክላማ አፈር ባለው የግሬት ኦርተን የቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሯል። ፈሳሹ እየተሰበሰበ ወደ ማጣሪያ ሲወሰድ ቆይቷል፤ ሥፍራውም በኋላ ለዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ሆኗል።

በአገራችን ጉዳዩን የሚያከብደው አባሰንጋ ነው። የተህዋሲው ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በጎርፍ ሲሸረሸር የግጦሽ መሬቱ ዳግም ይበከላል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የምንጮችንና የውሃ ጉድጓዶችን መገኛ ከውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያለበት በሽታው ከመግባቱ አስቀድሞ ነው።