የፔጆዋን መሪ ሳያዩ አይሳፈሩ

ሐረር ውስጥ እንግዳ ሲመጣብዎ ማታ ጅብ ሲበላ ለማሳየት ይወስዱታል። ቀን ደግሞ እርስዎ ሳያሳዩት ራሱ የሚያየው ነገር አለ፤ ፔጆ 404። ፈረስ መጋላ ላይ ተደርድረው ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ታክሲዎች ፎቶ ሳያነሳ የሚሄድ እንግዳ ጥቂት ነው። ኮፈኗ ላይ አንበሳ የለጠፈች መኪና በጅብ ከተማ ማርጀቷ እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

404 ለገበያ የቀረበችው በፈረንጆቹ 1960 ነው። መልኳን ያወጣላት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች፤ አቧራና ኮረኮንች አያስፈራትም ማለት ነው። የቤት መኪናዋ ምርት ፈረንሳይ ውስጥ በ1975 አብቅቷል። እንግዲህ ልጅዎ ትምህርት ቤት የሚሄድባት ፔጆ ምናልባት ከእርስዎ ትበልጣለች።

ዕድሜዋ ብቻውን አያስፈራኝም። የሚያሳስበኝ መሪዋ ነው።

የ404 መሪ አሠራሩ ቀላል ነው። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርሳም ክብ ብረት አለች። እሷ ስትዞር አግዳሚውን ጥርሳም ብረት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትገፋዋለች፤ እሱም በሁለት ዘንጎች አማካይነት ጎማዎቹን ያዞራል። ጉልበት የሚጨምር ነገር የለውም፤ የሚያዞረው የሾፌሩ ክንድ ብቻ ነው። ጥቂት ክፍሎች ስላሉት ብዙ ዓመት ይኖራል። ነገር ግን ኳስ መሳይ መጋጠሚያዎቹ በጥቂቱ ይበላሉ፤ ቦኮላው ይላላል፤ የጎማ ሽፋኑ ሲቀደድ አቧራ ገብቶ ግራሶውን አሸዋ ያደርገዋል። በየቦታው የተበላችው ትንሽ ትንሽ ተደምራ መሪው ላይ ትደርሳለች። ሾፌሩ በየቀኑ ስለሚነዳት መላላቷን አያስተውልም፤ እጁ ለምዶታል። በሐረር በር አልፎ ሰው፣ ጋሪና ሕፃን በሞላበት መንገድ ወደ ፈረስ መጋላ ሲገባ ግን ሁለት ጣት የምታህል መዘግየት ትልቅ ነገር ናት።

አባትዎ ያቆዩልዎ ፔጆ ግቢዎ ውስጥ ካለች እንዲህ ይሞክሯት። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሟት። በመስኮት እጅዎን አስገብተው መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙ፤ ዓይንዎ የፊት ጎማው ላይ ይሁን። መሪው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሄዶ ጎማው ካልተነቃነቀ ጋራዥ ይውሰዷት። ቀጥሎ የፊቱን በክሪክ ያስነሱና ከሥር በደንብ ያስደግፉ (በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ)። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ ብዙውን ጊዜ የመሪው መጋጠሚያ ነው። ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው መጋጠሚያ ይጠርጠር። መሪው ከመላላት ይልቅ ከከበደዎት ከሁሉ በፊት ጎሚስታ ጋ ሄደው የጎማውን ንፋስ ያስለኩ፤ መፍትሔው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሐረር መካኒኮች የማይገኘውን ዕቃ ከሌላ መኪና አምጥተው፣ ቶርኖ ቤት አስቀርጸው መኪና ያስነሳሉ፤ ይህን ጥበብ አደንቃለሁ። ካርቡሬተር ይቀጣጥሉ፣ የበር እጀታ ይፍጠሩ፤ ቢሳሳቱ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች፣ ያ ብቻ ነው። የመሪ ዘንግ ግን አይበየድም። የተሰነጠቀ ዘንግ በብየዳ ሲጋጠም ከላይ ደህና ይመስላል፤ ሙቀቱ የነካው ቦታ ግን የቀድሞ ጥንካሬው ላይኖረው ይችላል፤ ሲሰበርም ሳያስጠነቅቅ ነው። የጠመመውን በእሳት አግሎ ማቃናትም ያው ነው። ዕቃው እስኪገኝ መኪናዋ ትቁም። «ቅርስ ናት» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ፔጆዋም በልባችን አብራ የተመዘገበች ይመስለናል። ሕፃን የሚሳፈርባት ከሆነ ግን መጀመሪያ መኪና ናት።

ባጃጅ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። የባጃጅን የመሪ ሥራ በሙሉ አንዲት የፊት ጎማ ነው የተሸከመችው። ከኋላ አምስት ተማሪ ሲታጨቅባት የፊቷ ይቀላል፣ መሪውም መንገዱን በደንብ አይዝም። ስለዚህ ከመምረጥዎ በፊት ስንት ልጅ እንደሚጫን ይጠይቁ።

ጥገናው ሲያልቅ የጎማዎቹ አሰላለፍ እንደገና ይስተካከል፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎማ በወራት ውስጥ በአንድ ጎኑ ይበላል። መካኒኩ የፈታውን አሮጌ ዕቃም ይቀበሉት። በእጅዎ ይዘው ያወዛውዙት፤ ጠንካራ ሆኖ ካገኙት ምን እንደቀየረ ደግመው ይጠይቁት።