በካርቲየ 1 የተጻፈው የዕርቅ ወረቀት

በዚህ ዐምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቤትና ስለ ጓዳ ነው። ይሁን እንጂ የቤተ ሰብ ገንዘብ የሚባክነው በጓዳ በኩል ብቻ ስላልሆነ፤ ዛሬ ስለ አውቶሞቢል አደጋና ስለ መድን ካሣ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ለዚህ ያነሣሣን ከጅቡቲ ከተማ የደረሰን አንድ ወሬ ነው።

ካርቲየ 1 ከከተማይቱ የቆዩ ሰፈሮች አንዱ ነው። መንገዶቹ ጠባቦች፤ ከቤቶቹም ብዙዎቹ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። ከቀትር በኋላ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ ደግሞ ሰውና መኪና በአንድነት ይጣደፋሉ። ሻይ የምትሸጠውም፣ ልጅ አቅፋ ጥላ የምትፈልገውም፣ ዕቃ የሚያራግፈውም ያው በዚያው መንገድ ዳር ነው።

አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ የሆነ የቤተ ሰብ አባት ለዘመድ ሠርግ በደወሌ በኩል ወደዚህ ሰፈር ወርዶ ነበር። ከሠርጉ ማግስት አውቶሞቢሉን ከጠባቡ መንገድ ለማውጣት ወደ ኋላ ሲነዳ፤ በአንድ ቤት ጥግ ሻይ የምትሸጥ ያገራችንን ሴት ከነምድጃዋ ገጫት። እግሯ ተመታ፤ የፈላውም ውሃ ክንዷን አቃጠላት። ሰውየው ደንግጦ ወረደና፤ «አይዞሽ እኅቴ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ፤ ፖሊስም ይጠራ» አላት። እርሷ ግን፤ «ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ፖሊስ አይጥሩብኝ፤ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም» ብላ ለመነችው።

በዚህ ጊዜ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሰውየው በኪሱ የተገኘውን 30,000 ፍራንክ ሰጠ። በወረቀትም ላይ እርሱ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ፣ እርሷም፤ «ካሣዬን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ምንም አልጠይቅም» ብላ ፈረሙ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተበተኑ። ክንዷም በቅቤ ታሸ።

ከ3 ሳምንት በኋላ ግን እግሯ አልቆም አለ። ሐኪም ሲያየው አጥንቱ ተሰንጥቆ ኖሯል። ለሕክምናው የተጠየቀው ገንዘብ በዕለቱ ከተቀበለችው ብዙ እጥፍ ሆነ። ዘመዷ ወደ ድሬዳዋ ስልክ ደወለች። ሰውየው ጨካኝ አልነበረምና ወደ መድን ሰጪው ሄዶ ነገሩን ቢገልጽ፤ የፖሊስ ማስረጃ የት አለ? ስለ ምን በጊዜው አላስታወቅህም? ሳትጠይቀን ጥፋተኛ ነኝ ብለህ የፈረምኸውስ በማን ፈቃድ ነው? ተብሎ ተጠየቀ። መልስ አልነበረውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ በአውቶሞቢሉ መሳቢያ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር!

ስለዚህ ካርድ ብዙ ሰው የሚያውቀው በኬላ ላይ የሚታይ ወረቀት መሆኑን ብቻ ነው። የካርዱ ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 25 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም በዚሁ ማኅበር ውስጥ ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ያገሩ መድን ሰጪ ካርዱን ይሰጣል። ባለ ካርዱ በሌላው አባል አገር ሰው ቢጎዳ፤ በዚያ አገር ያለው የካርዱ ቢሮ አቤቱታውን ተቀብሎ በዚያው አገር የግዴታ መድን ሕግ መጠን ካሣውን ይከፍላል፤ ኋላም ከባለ ካርዱ አገር ቢሮ ያስመልሳል። ስለዚህ ሻይ የምትሸጠው ሴት ካሣዋን ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ መውጣት አያስፈልጋትም ነበር። ካሣው የሚቆጠረውም በፍራንክ ነው፤ አንድ የአሜሪካን ዶላር በ177.721 ፍራንክ ስለ ታሰረ፤ ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው ከኪሱ እከፍላለሁ ቢል ክብደቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ካርዱ የሚሸፍነው ሦስተኛ ወገን የተባለውን፣ ማለት ከመድን ሰጪውና ከመድን ገቢው ውጭ ያለውን ተጎጂ ነው። የባለ ካርዱን የራሱን የተሰበረ ፋኖስ ወይም የተጣመመ በር አያሠራም። ለዚያ ሌላ ውል ያስፈልጋል፤ ውሉም ከኢትዮጵያ ወሰን ውጭ የሚሠራ መሆኑን ከጉዞ በፊት አንብቦ መረዳት ይገባል።

ጊዜውም አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 670፤ መድን ገቢው አደጋው መድረሱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል። ከሕጉ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሲተኩ፤ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል ባለበት ቆይቷል። ሠርግ የሄደ ሰው መልሱን ሳይበላ 5 ቀን ያልፋል። ስለዚህ አገር ቤት እስክመለስ ብሎ መጠበቅ አይበጅም፤ ከዚያው ሆኖ በስልክ መናገር፣ ወዲያውም በጽሑፍ ማጽናት ነው።

በሽምግልና ላይ ክፉ ለመናገር አልተነሣንም። የሰፈር ሽማግሌ ባይኖር በዚያች ጠባብ መንገድ ጠብ ይነሣ ነበር። ነገር ግን አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ ሁለት ቃላትን ለዩ። ዕርቅ የልብ ነገር ነው፤ ቂም ይሽራል። ካሣ ግን የጉዳት ልክ ነው፤ ልኩም ሐኪም ሳያይ አይታወቅም። «ታርቀናል» ብሎ መፈረም ጉዳት የለውም። «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን አጥንቱ መሰንጠቁ ሳይታወቅ እግሯን በ30,000 ፍራንክ ሸጠባት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሆነውን እንደ ሆነ መናገር የጨዋ ሰው ሥራ ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ መፍረድ ግን የባለ ሾፌሩ ፋንታ አይደለም። የመድን ውል ብዙውን ጊዜ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነትን መቀበል ይከለክላል።

ሴቲቱን ለመውቀስ አንደፍርም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስን ቢፈራ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢያንስ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ቤት ቢያደርሳትና የሐኪሙን ወረቀት ቢያስቀምጥ፣ የአውቶሞቢሉን ታርጋና የካርዱን ቁጥር ቢጽፍ፣ ስፍራውንም በስልኩ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ቀጥሎም ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ምክር ቢጠይቅ በጎ ነበር። ፖሊስ በተጠራ ጊዜ ደግሞ የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ስለ ሆኑ፤ ያላነበቡትን ቃል ከመፈረም በፊት አስተርጓሚ መለመን አያሳፍርም። ካርዱንም ገልብጦ ማየት ነው፤ የየአገሩ ቢሮ አድራሻ በጀርባው ተጽፏል።

የድሬዳዋው ሰው በየወሩ ከደመወዙ ጥቂት እየቀነሰ ይልክላታል። ሚስቱም የልጆቹን የትምህርት ቤት ገንዘብ ለመሙላት ልብስ መስፋት ጀምራለች። ሻይ የምትሸጠው ሴት በዚያው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ውሃ የሚቀዳላት የጎረቤት ልጅ ነው። ወረቀቱ ግን ከሽማግሌዎቹ በአንዱ ቤት፣ በሣጥን ውስጥ በጥንቃቄ ተቀምጦ እንደሚገኝ ነግረውናል።