«የፈላ» የተልባ ዘይት

ከቀለም መደብር የገዛሁትን ጣሳ እናቴ አየችና «ልጄ፣ ይሄም ተልባ ነው?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጾም የሚጠጣውን ነው።

አዎ፣ ተልባ ነው፤ ግን አይጠጣም። ስሙ «የፈላ» ቢሆንም ዛሬ አብዛኛው አይፈላም። ቶሎ እንዲደርቅ የኮባልት ወይም የማንጋኒዝ ውህድ ይጨመርበታል። ጥሬው ለመድረቅ ብዙ ቀናት ይፈጃል፤ ይህኛው ግን ቶሎ ይደርቃል። ለእንጨት ጥሩ ነው። ሥዕል ላይ ግን እየቆየ ስለሚጠቁር ብዙ ሠዓሊዎች አይወዱትም።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ይሞቃል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ፣ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አስጡት።

እናቴ ይህን ስትሰማ «የኛ ተልባ እንዲህ ቁጡ ነው?» ብላ ጨርቁን ራሷ አሰጣችው።