አበልጅና ወፍጮ

ከደባርቅ አንዲት እህት ጻፈችልኝ። ቤቷ ከናፍጣ ወፍጮ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። «ጉምጉምታው ጆሮዬን ሳይሆን ደረቴን ነው የሚመታው። አራስ ነኝ፤ እንቅልፍ የለኝም። የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩ፣ ባና ሰቀልኩ፣ ወይ ፍንክች! ባለወፍጮው አበልጄ ስለሆነ መክሰሱም ነውር ሆነብኝ» ትላለች።

እህቴ፣ ባናውን አውርጂው፤ የደባርቅ ብርድ ለአልጋ ይፈልገዋል። ካርቶንና ባና ቢውጡ ቀጭኑን ድምፅ ነው። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ግን የአንዱ ሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ገደማ ነው። እሱን በሱፍ ብቻ ልዋጥ ካልሽ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ውፍረት ያስፈልግሻል። መኝታ ቤትሽ አለቀ ማለት አይደል?

ባለሙያዎቹ ኮምፔርሳቶ ከግድግዳው አራርቀው ይመቱና ዙሪያውን ይደፍኑታል፤ ከኋላው ሱፍ ያደርጋሉ። ጣውላው አብሮ እየተርገበገበ የድምፁን ጉልበት ይጨርሳል። ነገር ግን የሚይዘው የተለካለትን ድምፅ ብቻ ነው፣ በወለልና በግድግዳ የሚመጣውን ንዝረትም አያስቆምም። ገንዘብሽን አታባክኚ!

መድኃኒቱ እዚያው ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩና ወፍጮው ከወለሉ በወፍራም ጎማ ይለዩ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይቀየር። ይህ ደግሞ የአበልጅሽ ሥራ ነው። ወፍጮው እየሠራ ሳለ ቡና ጥሪው፤ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ በዓይኑ ይየው።